በሹካ የሚበላ ነገር

ያደታ ቢራ ምግብ ማዘዝ የሚችል ሰው ነበር። ይህ እንደ ሙያ የሚቆጠር አይመስልም፤ ኪሱ የፈቀደለት ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያማረውን ይጠራል፣ ይመጣለታል። ከሰው ጋር ምግብ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን አትስቱትም። አንዱ "አንተ ያልከው ይሁን" ይላል። ሌላው "ኧረ የለም፣ አንተ እዘዝ" ይላል። ይሉኝታው ይረዝማል፤ አስተናጋጇ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እግሯ እየቆመች ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ማንም ያላማረው ነገር ይመጣና ሁሉም "ቆንጆ ነው" እያለ ይበላዋል። ያደታ ባለበት ገበታ ይህ ሆኖ አያውቅም። ገና ከደጅ ሲገባ የተሰቀለውን ሥጋ አየት ያደርጋል፣ አብሮት የመጣውን ሰው ፊት ደግሞ አየት ያደርጋል፣ ከዚያ ያዛል። ያዘዘውም ልክ ይሆናል።

ሙያው ከአባቱ የመጣ ነው። አባቱ አቶ ቢራ፣ ዛሬ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በተገተረበት አካባቢ ምስርና ጤፍ ያመርቱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። ለበዓል ጎረቤት ተዋጥቶ ቅርጫ ሲያርድ መደቡን የሚደለድሉት እሳቸው ነበሩ። ከየብልቱ ለሁሉም እኩል ማድረስ እንዲህ የዋዛ ሥራ አይደለም፤ በእሳቸው መደብ ላይ ግን ያኮረፈ ጎረቤት አልተሰማም። መሬቱ ሄደ፣ አቶ ቢራም አለፉ፣ ልጃቸው ያደታ ከቃሊቲ ወዲህ ካሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አንዱ ገብቶ ቆርቆሮ ቆራጭ ሆነ። ሻኛን ከጎድን፣ የጠገበን በሬ ከከሳ በሬ የሚለይበት ዓይን ብቻ ከርስቱ ተረፈለት።

ሥርጉትን ያገኛትም በዚሁ ዓይኑ ነው ማለት ይቻላል። አባቷ ከባቡር ሥራ ጋር አቃቂ ገብተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያዩዋት በሻይና በዳቦ የምትኖር የምትመስል ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ምሳ የጋበዛት ቀን አቃቂ አሮጌው መንገድ ዳር፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ወዳለው የዱሬሳ ሥጋ ቤት ወሰዳት።

"ምን ይሁንልሽ?" አላት።

"አንተ ያልከው።"

ሌላ ወንድ ቢሆን የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ሴት ልጅ ናት ብሎ ጥብስ ያዝ ነበር። ያደታ ጥሬ አዘዘ፤ ያውም ከሻኛው፣ ጮማው እንዳለ። ዱሬሳ ራሱ ከሥጋ መቁረጫው ኋላ ሆኖ ቅንድቡን አነሳ። ሥርጉት አዋዜውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መብላት ጀመረች። በላች፤ አሁንም በላች። ሳህኑ ሲጋመስ ነው ቀና ያለችው።

"ጥሬ እንደምወድ ማን ነገረህ?"

"ስትገቢ ዓይንሽ የት እንዳረፈ አይቻለሁ።"

ሳቀች። እንደምታገባው ያወቀችው ያኔ መሆኑን በኋላ ነግራዋለች፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እሱ ግን አምኗታል።

ከተጋቡም በኋላ ደሞዝ በወጣ ቅዳሜ፣ ጾም ካልሆነ በቀር፣ ቦታቸው የዱሬሳ ቤት ነው። ኮንዶሚኒየሙ እንደደረሳቸው የሰሙት እዚያ ተቀምጠው ነው። ልጃቸው ስትወለድ ሃዊ ትባል አትባል ብለው የተከራከሩትም በዚያው ገበታ ላይ ነው። እንደ ደንቡ ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ ለሁሉም ሰው የየራሱ ቢላ ይቀርባል፤ የሥርጉት ቢላ ግን ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ያደታ በግራው ሥጋውን ወጠር አድርጎ፣ በቀኙ እንደ ሪባን እያሳሳ ይቆርጥላታል፣ እሷ እየጠቀለለች ትበላለች። የዱሬሳ ደንበኞች በነገሩ ይስቁ ነበር። እነሱ ሳቁ ብሎ የተወው ነገር ግን የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት የቆርቆሮ መቁረጫው ከአውራ ጣቱ በቀር የቀኝ እጁን ጣቶች ወሰዳቸው።

ነገሩን እሱም ከዚህ አስረዝሞ አያወራውም። ሆስፒታል ተኛ፣ ወጣ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ ፋብሪካው የመጋዘን በር ላይ አስቀመጠው። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ "ሕይወትህ ተረፈች፣ ተመስገን በል" አለው፤ እሱም ተመስገን አለ። በግራው መፈረም ተለማመደ። ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማሰር፣ ስልክ መነካካት፣ ሁሉም በጊዜው እንደምንም ሆነ። አልሆን ያለው መብላት ነው።

ግራ እጅ ማዕድ ላይ አይገባም። ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረን የለም፤ ገና ሳንናገር ግራችንን ስንሰድ እጃችንን ቸብ አድርገው ያስተዉናል፣ ከዚያ በኋላ ግራ እጅ የት እንደሚውል እናውቀዋለን። ያደታም ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ሥርጉት በእጇ አበላችው፤ ቀጥሎ በማንኪያ በላ፤ ቀጥሎ አንድ ምሽት ሽሮው ከማንኪያው ላይ እየተንጠባጠበ ሲያናድደው ማንኪያውን ወርውሮ በግራው ቆረሰና ጎረሰ። ሥርጉት በወዲያኛው በኩል ቆርሳ ጎረሰች። በቃ፣ ቤት ውስጥ ነገሩ በዚህ አለቀ። አንድ ትሪ ላይ ይቀርባሉ፣ እሱ በግራው፣ እሷ በቀኟ፣ እጃቸው መሀል ላይ ሲገናኝ እንደ ድሮው እየተጋፉ ይበላሉ።

ከቤት ውጭ ግን ሌላ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዳሲቱ ዘንድ የሄደ ቀን፣ ልጃቸው በግራው ሲቆርስ አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። በሚቀጥለው ሲሄድ አዲስ ማንኪያ ተገዝቶ፣ የዋጋው ወረቀት እንኳ ሳይላጥለት፣ ከእንጀራው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀው። ከሁሉ የባሰው የሰፈር ልቅሶ ላይ የሆነው ነው። ድንኳን ውስጥ አንድ ትሪ ከበው ከጎረቤት ወንዶች ጋር ተቀመጡ፤ ያደታ ሳያስበው ግራ እጁን ሰደደ። አንዱ ጥቂት ቆይቶ እጁን አራገፈና "እኔ ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ" አለ። ሌላው ስልክ ተደወለለት። ሦስተኛው ወንበር ሲደረደር ሊረዳ እንደሚገባው ትዝ አለው። ያደታ አንድ ትሪ ሙሉ ምግብ ታቅፎ ብቻውን ቀረ። ቢነሳ ተነካ ይባላል፣ ቢቀመጥ አልገባውም ይባላል፤ ምን ያድርግ፣ ቀስ እያለ በላ።

ማታ ለሥርጉት እየሳቀ አጫወታት። "ዛሬ እንደ ንጉሥ ለብቻዬ ትሪ ሰጡኝ" አላት። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲያ ውጭ ሲበሉ የምታዘው እሷ ሆነች።

ቦታውንም ቀየረችው። "አቃቂ አቧራው በዛ" አለችና ሳሪስ አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ምግብ ቤት ወሰደችው። እዚያ ሜኑ አለ፤ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ፎቶ ያለበት፣ ምግቡ በፎቶው ላይ አብረቅርቆ ሳህኑ ላይ ሲመጣ የማይታወቅ። ሥርጉት ጣቷን እያንሸራተተች ታነባለች። እንጀራ ያለበትን ሁሉ ታልፈዋለች። ክትፎን ታልፋለች፣ ዱለትን ታልፋለች፣ በያይነቱን ታልፋለች። ጥብስ በሹካ አይበላም ወይ ብትሉ ይበላል፤ ግን እንጀራ ላይ ተንጣሎ ይመጣና ሹካ የያዘውን ሰው ያሳፍረዋል። ጣቷ መጨረሻው ገጽ ላይ ይደርስና ያርፋል።

"አንድ ማካሮኒ በስጎ፣ አንድ ሩዝ በአትክልት" ትላለች አስተናጋጇን። "ባዶ ሳህን ጨምሪልን፣ ለሁለት እንካፈለዋለን።"

ሲመጣ ከማካሮኒውም ከሩዙም ግማሽ ግማሹን ለእሱ፣ የቀረውን ለራሷ ታደርጋለች። እሱ በግራው ሹካ ይዞ ይበላል። ሹካ መቼስ ቀኝና ግራ የለውም፤ ፈረንጅም በግራው ነው የሚይዘው እያለ ራሱን ያጽናናል። ማንም አያየውም፣ ማንም "ጠግቤያለሁ" ብሎ አይነሳም። ሥርጉት ማካሮኒውን አንድ በአንድ ታሳድደዋለች።

"ማካሮኒ እኮ ለጨጓራ ጥሩ ነው" ትላለች።

"እኔማ ለመድኩት" ይላል እሱ። "እንዲያውም ሳልወደው አልቀረሁም።"

ሁለቱም ይዋሻሉ፣ ሁለቱም መዋሸታቸውን ያውቃሉ። እሷ የተረፋትን ወደ እሱ ትገፋለች፤ እሱ ላለማስከፋት ይጨርስላታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ እሱ በማካሮኒ ቦርጭ አወጣ፣ እሷ ቀሚሷ ሰፋት። ስንት ጊዜ ሊናገራት አስቦ ምላሱ ላይ ቀረ። ምን ብሎ ይጀምራል? "ለእኔ ስትዪ የማትወጂውን አትብዪ" ቢላት፣ "ማን አለህ፣ ወድጄ ነው" ትለዋለች። "ያማረሽን እዘዢ" ቢላት፣ ያማራት ነገር ቢላ ይፈልጋል፣ እንጀራ ይፈልጋል፣ እጅ ይፈልጋል። ሰው ደግ ሲሆንልህ ለወቀሳ መግቢያ በር የለውም። ያደታ በዚያ በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሚስቱ ስትራብ ያያል፤ ማድረግ የሚችለው ነገር የለም።

እንዲህ እያለ ሳለ አንድ ቀን አቃቂ ባጃጅ ተራ ጋ ከዱሬሳ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"አካም ያደታ!" አለ ዱሬሳ፣ ከነሽርጡ እያቀፈው። "ሞተሃል ወይስ መንኩሰሃል? ሥጋ ቤቴን ረሳኸው እኮ!"

"አለሁ ባክህ፣ ሥራ በዝቶ ነው።"

ዱሬሳ ስለ እጁ ያውቃል፤ ሆስፒታል ድረስ ብርቱካን ይዞለት መጥቶ ነበር። ዓይኑ ወደ ያደታ ኪስ፣ ቀኝ እጁ ወደገባበት ወረድ ብሎ ቶሎ ተመለሰ። ጨዋታ ለመቀየር ብሎ ነው መሰል፣ "ሥርጉት ትሻላለች" አለ። "እሷ አልጠፋችም፣ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ብቅ ትላለች። ባለፈው ማክሰኞም ነበረች። ሻኛዋን እንደሆነ አትረሳም!"

"አዎ፣ ነግራኛለች" አለ ያደታ።

አልነገረችውም። ማክሰኞን አስታወሰው፤ አመሸሁ ብላ መጥታ፣ እሱ ሳይበላ ጠብቋት፣ አብረው ቀርበው ነበር። ሽሮ ነበር። ሥርጉት እየቆረሰች በላች፣ ደጋግማ በላች፣ ውሃ ጠጥታ እንደገና በላች። ርቧታል ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ለካ እሱን ደስ ያለው፣ ጠግባ የመጣች ሴት እሱ እንዳያውቅባት ከሌላ ራት ጋር ስትታገል ነው።

ቢናደድ በተሻለው። ሚስትህ ከሌላ ወንድ ጋር ታየች ቢሉት ሰው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ይጮኻል፣ በር ያላትማል፣ ሽማግሌ ይጠራል። ሚስትህ ሻኛ በላች ሲሉት ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ሰብስቦ ምን ብሎ ይከሳል? ባጃጁ ላይ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ እስኪደርስ መንገዱን አላየውም። ሆዱን የበላው መብላቷ አልነበረም። ከእሱ ጋር ስትሆን የምትራብ፣ ከእሱ ስትርቅ የምትጠግብ ሴት መሆኗ ነው።

ለእሷ ምንም አላለም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሥርጉት ጫማዋን እያደረገች ሳለ፣ "ዛሬ ዱሬሳ ጋ ነን" አላት።

ቀና ብላ አየችው። "ምነው? እኔ እኮ ማካሮኒ አምሮኝ ነበር።"

"ማካሮኒ የሚያምረው ሰው እስካሁን አልተወለደም" አለ ያደታ። "ዛሬ እኔ ነኝ የማዘው።"

እሱ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት ከርሟል። አውራ ጣቱ አለች፤ መዳፉም አለ። ሥጋውን በመዳፉ ተጭኖ፣ በአውራ ጣቱ ደግፎ፣ በግራው ቢቆርጥ ይሆናል። ቤት ሰው በሌለበት ድንች ላይ ሞክሮት ነበር፤ ሆኖለታል። የሚፈልገው ብዙ አይደለም። እንደ ድሮው ከሚስቱ ጋር በአንድ ሳህን ላይ ተቀምጦ፣ እሷ የምትወደውን እሱ አዝዞ፣ እሱ ቆርጦ፣ ሰው መሀል አብሯት መብላት ነው።

የዱሬሳ ቤት ሞልቶ ነበር። አንዱ ጠረጴዛ ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሌላው ላይ አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ፣ በረንዳው ላይ ሾፌሮች። ያደታ ገና ከበሩ የተሰቀለውን አየት አደረገ፤ ድሮ እንደሚያደርገው ደረቱ ሞቅ አለው።

"ይሄ በሬ ከወዴት ነው ዱሬሳ?"

"ከሐረር ነው። ላንተ ነው ሳስቀምጠው የከረምኩት!"

"ከሻኛው ስጠን። ጮማውን እንዳትቀንስ። ጥሬ።"

ዱሬሳ ትንሽ ዘገየ። የሚጠይቀው ነገር ያለ መሰለ፤ ግን ሥጋ ቆራጭ ነው፣ የታዘዘውን ይቆርጣል። ቆረጠ። ያደታ የእጅ መታጠቢያው ጋ ሄዶ ግራ እጁን ብቻ ታጥቦ መጣ። ሥርጉት ወንበሯን ከግድግዳው በኩል መርጣ ተቀምጣ ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ጀርባው ለሰው እንዲሆን ወንበሩን አዙራ ጠበቀችው። አየና ተቀመጠ።

አስተናጋጇ አስካለች ሳህኑን አመጣች፤ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ እንጀራ፣ ሁለት ቢላ። ያደታ ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሥጋው ላይ አሳረፈ። ተጫነው። በግራው ቢላውን አንስቶ ስቦ ቆረጠ፤ ማለት ሊቆርጥ ነበር። ድንች ግን ሥጋ አይደለም፤ ድንች ጮማ የለውም። ሥጋው ከመዳፉ ሥር ሙልጭ ብሎ ወጣ፣ የአዋዜውን ሳህን ይዞ ሄደ፣ አዋዜው የሥርጉት ቀሚስ ላይ፣ ሥጋው መሬት ላይ።

የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ፤ እንዳላዩ ለማስመሰል። ደግ ሰዎች ናቸው። ያደታ ደግነታቸው ጀርባው ላይ ሲያርፍ ተሰማው።

"ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም" አለች ሥርጉት ቀሚሷን እየጠረገች። "ይታጠባል።"

አስካለች እየሮጠች ሌላ አመጣች። ይህቺ ልጅ ድሮ "ያዲ" ነበር የምትለው፣ ስትቀልድበት ነበር የምትውለው። አሁን ጎንበስ ብላ፣ "እኔ ልቆራርጥልዎት ጋሼ?" አለችው። ጥሬ ሥጋ ተቆራርጦ የሚቀርበው ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ነው።

"ተይው፣ እኔ እቆርጣለሁ" አለች ሥርጉት፤ ቢላውን አነሳች።

በግራዋ ወጠር አድርጋ፣ በቀኟ እያሳሳች፣ ቶሎ ቶሎ ቆረጠች። ያደታ እጇን አየ። እጇ አይደናገርም። በነዚያ እሱ በሌለባቸው ቀናት ተለማምዳዋለች። ጥሩ ትቆርጣለች፤ እንዲያውም ከእሱ ሳትበልጥ አትቀርም። ይህን ማየት ያስደስተዋል ወይስ ያስለቅሰዋል ብሎ ማሰብ ጀመረና ተወው።

"አስካለች፣ ሹካ አምጪልን" አለች ሥርጉት።

"ሹካ አልፈልግም" አለ ያደታ።

"ያዲ..."

"አልፈልግም አልኩ።"

ግራ እጁን ሰደደ። ሰው በተሞላ ቤት መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንጀራውን ቆረሰ፣ ሥጋውን ጠቀለለ፣ ሚጥሚጣ ነካ አድርጎ ጎረሰ። ሰማይ አልተደፋም። ሥርጉትም እጇን ሰደደች፤ ከአንድ ሳህን፣ ከአንድ እንጀራ፣ በወዲያኛው በኩል ቆረሰች። ጎረሰች፤ ዓይኗ ፈዘዝ አለ፣ ያ የድሮው ፊቷ ቀስ እያለ ተመለሰ።

"እንዴት ነው?" አላት።

"ኧረ ዝም በል፣ አታስወራኝ" አለችና ሳቀች።

ያደታ ደስ አለው። ደስታው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ወጥሮ ያዘው። በላ፣ በላች። ስለ ሃዊ ትምህርት ቤት አወሩ፣ ስለ ጎረቤታቸው የውሃ ታንከር አወሩ፣ እጃቸው መሀል ላይ ተገናኝቶ ተጋፋ። ማክሰኞን ረሳው። መስታወቱን ቤት ረሳው። እጁንም ረሳው፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

ምክንያቱም ሰው ደስ ሲለው ያጎርሳል። ጮማ ያለበትን አንዷን መረጠ፣ እንጀራው ላይ አስተካክሎ አሳረፋት፣ አዋዜ አስነካት፣ ጠቀለላት፣ ወደ ሚስቱ አፍ ሰደደ።

ሥርጉት ልትጎርስ ጎንበስ አለች። እጁን አየች። ግራ እጁን። ቤት ቢሆን ስንት ጊዜ ከዚያው እጅ በልታለች። ዓይኗ ግን ወደ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ሄደ፤ ከዚያ ወደ በረንዳው። ማንም የሚያይ አለመኖሩን አረጋግጣ ተመለሰችና አፏን ከፈተች። ቅጽበት ናት፤ ሌላ ሰው አያያትም። ያደታ ግን የሰው ዓይን የት እንደሚያርፍ በማየት ነው ዕድሜውን የኖረው።

ጎረሰች፤ አኘከች፤ ዋጠች። እንዳያት ያወቀችው ስትውጥ ነው። ፊቷ ተለዋወጠ። ለእሱ ብላ ይሁን፣ ሰው እንዳይስቅበት፤ ለራሷ ብላ ይሁን፣ ሰው እንዳያያት፤ አላወቀም። እሷም ብትጠየቅ የምታውቀው አይመስልም። እጁን ያዘችው፤ ግራ እጁን፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም እያየ።

"ሁለተኛውን አምጣ እንጂ" አለችው። "ጉርሻ አንድ ነው እንዴ?"

እውነቷን ነው፤ ያጎረሰ ሁለተኛውን ማስከተል ይገባዋል፣ ወጉ ነው። ያደታ ጠቀለለ። ከመጀመሪያው የበለጠ አሳምሮ ጠቀለለ። ሥርጉት አገጯን ከፍ አድርጋ አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ዳግመኛ የትም እንዳይሄድባት ጭምቅ አድርጋ ጨፈነችው። እንዲህ ሆና ጠበቀችው።

ያደታ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የተከፈተ አፏን አየ፣ በግድ የተጨፈነ ዓይኗን አየ። ይህችን ሴት ይወዳታል። ቢያጎርሳት ዓይኗን ጨፍና ነው የምትበላለት። ባያጎርሳት አሳፈራት። እጁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለው፤ ደኅናው እጁ። አዋዜው በጣቶቹ መሀል መንጠባጠብ ጀመረ። አስካለች ወደ እነሱ ልትመጣ ብላ መንገድ ላይ ተመለሰች።

ሥርጉት አፏን እንደከፈተች ናት።

ያደታ ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰው። ሥርጉት የማኘኩን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ገለጠች።